ጁጁ ማለት

ኖርዝ ሜልቦርን
መጋቢት 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድኔ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ዱከምና አቧራው እንዴት ይዘውሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሊና በቁመት በልጣኛለች፤ አማርኛዋ ግን ማደግ ካቆመ ቆየ። ስጠራት «ዋት?» ትለኛለች። ያንተን ሰላምታ ሳደርስላት ደግሞ «ቴል ሂም ሃይ» አለችኝ። ይኸው ደረሰህ።

አዎ፣ የሰማኸው እውነት ነው። ወሬውን ማን እንዳቀበለህም አላጣሁትም። የሺሀረግ ናት። ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ ትቆምና በአንድ ዓይኗ መጽሐፏን፣ በሌላው ስልኬን ታነባለች። ካወቅህ አይቀር ከእኔው ስማው።

ሰውየው ኬቨን ይባላል። ቻይናዊ ነው፤ ሲንጋፖር የሚኖር መሐንዲስ። ለሌላ ሰው የላከው መልእክት በስህተት እኔ ጋ ገባ፤ ተሳስተሃል አልኩት፤ ይቅርታ ጠየቀ፤ በዚያው ወሬ ጀመርን። አትሳቅ! የሊና አባት ጥሎን ከሄደ ወዲህ «ዛሬ ምሳ በላሽ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ይህ ሰው አንድ ቀን ሳያሳልፍ ይጠይቀኛል። ዲር ፓርክ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳሽግ ውዬ፣ ወገቤ ተቆርጦ አውቶቡስ ስጠብቅ መልእክቱ ቀድሞኝ ይደርሳል። ደስ ይለኛል፤ ለምን እዋሻለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከሰሞኑ በስሜ መጥራቱን ትቶ «ጁጁ» ይለኛል። «ጁጁ፣ ደከመሽ?»፣ «ጁጁ፣ ኮትሽን ለብሰሻል?» የሕፃን መጠሪያ ስለሚመስል ወድጄዋለሁ። ትርጉሙን ስጠይቀው ግን ይስቃል እንጂ አይነግረኝም። አንተ ዩኒቨርሲቲ ገብተህ ቻይንኛ ያጠናኸው ለዚህ ቀን ነውና በል ፍታልኝ። ፊደሉን ከሥር ልኬልሃለሁ፤ አንዱኑ ፊደል ደጋግሞ ነው የሚጽፈው።

እህትህ ማስተዋል


ዱከም
መጋቢት 15 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለክብርት እትዬ ማስተዋል፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የላኩልኝን የፍቅር ፊደል በአክብሮት ተቀብዬ መርምሬዋለሁ። ውጤቱን ከመስማትዎ በፊት ወንበር ይሳቡ።

እታለም፣ ጁ ማለት አሳማ ነው። ጁጁ ሲሆን «አሳሚቱ» እንደማለት ነው።

ጩኸትሽ እዚህ ድረስ ተሰማኝ። ቆይ፣ አትቆጪ። እነሱ አሳማን እኛ በምናይበት ዓይን አያዩትም። ለእነሱ አሳማ የጠገበ፣ የተመቸው፣ ሐሳብ የሌለበት ፍጥረት ነው። የፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ ሚስቱን በስልክ ጁጁ ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ስልኩን ዘግቶ እኛ ላይ ይጮሃል እንጂ ለእሷ ማር ነው። ዘንድሮ ደግሞ በእነሱ አቆጣጠር የአሳማ ዓመት ነው። እዚህ የጫማ ፋብሪካው በር ላይ ሳይቀር ቀይ አሳማ ሰቅለዋል፤ ዘበኛችን በገባ በወጣ ቁጥር ያማትባል።

ቻይንኛ ውስጥ የእንስሳ ስም እግር አለው፤ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዱ ትርጉሜን ሰምቶ «ኒዩ!» አለኝ። ኒዩ በሬ ነው። ሰደበኝ ብዬ ልደባደብ ስል ለካ እኛ «አንበሳ ነህ» እንደምንለው ኖሯል። መጽሐፉ በሬ ይላል፣ መንገዱ ጀግና ይላል። ለዚህ ነው እንጀራዬ የማይቋረጠው። አለቆቼ አንዳንዴ እኔን ትተው በስልካቸው ማሽን አማርኛ ሊያስተረጉሙ ይሞክራሉ። ማሽኑ አንቱንም አንቺንም አንድ ላይ ጨፍልቆ ያው በእነሱ «ኒ» ያደርጋቸዋል፤ አክብሮትና ንቀት አይለይም። ተመልሰው እኔን ይጠሩኛል።

ስለዚህ አትጨነቂ። ሰውየው ወዶሻል ማለት ነው። አስተርጓሚው ወንድምሽ ፈርሜበታለሁ።

ይድነቃቸው


ኖርዝ ሜልቦርን
ሚያዝያ 2 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድኔ፣

ፊቱን በሚመለከት ለጠየቅኸኝ፣ ፎቶግራፉን አይቻለሁ። በቪዲዮ ልንተያይ ስንሞክር ካሜራው እምቢ ይላል፤ የሚሠራበት ቦታ ኔትወርኩ ደካማ ነው። እንደ መርማሪ ፖሊስ አታፋጥጠኝ።

ያልጻፍኩልህ ተቀይሜህ ነው። በሁዳዴ፣ የቅቤ ሽታ በምሸሽበት ጾም፣ አሳማ መባሌን እየሳቅህ ታበስረኛለህ? ለኬቨንም መልስ ነፍጌው ነበር። በመጨረሻ የሆንኩትን ነገርኩት፤ ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀ፤ ካልወደድሽው ሁለተኛ አልልሽም አለ። ጉድ የምልህ አሁን ነው። ሲቀርብኝ ከፋኝ። ተወው፣ በለኝ አልኩት። ባለፈው ሊናን ይዤ ማሪቢርኖንግ ገበያ ስገባ የዓመቱ አሳማ በወርቅ ቀለም ተሥሎ ተሰቅሏል፤ ጉንጩ ሙሉ፣ ፈገግ ያለ። «ማም፣ ኢትስ ሶ ኪውት» አለችኝ። እኔም ፈገግ አልኩ። የእኔ ነገር!

ሁለተኛው ቅያሜዬ ግን ቀልድ የለበትም። አንቱ አትበለኝ። ለጨዋታም ቢሆን አትበለኝ። ጋሼ ወንድማገኘሁ ቤት ያደግንበትን ጊዜ ረሳኸው? ያ አጎታችን በር ሥር ቆሞ ሲያደምጠን፣ ጥላውን ቀድሞ ያየ አንቱ ማለት ይጀምር ነበር። አንቱ ከተባለ ወሬው ለእሱ ጆሮ ነው፤ ሐሰት ነው። መሐሉ ላይ ጣል የምናደርጋት አንዲት አንቺ ወይም አንተ ብቻ እውነት ናት። እሱ ግን እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች እያለ ለጎረቤት ያወራልን ነበር። የመጨረሻዋን ምሽት አልረሳትም። «እትዬ፣ እራቱ ጣፍጦዎታል? እኔስ እግዜር ይስጣቸው ጠግቤያለሁ። ይበርዳል፣ ልብስሽን ሳታወልቂ ተኚ» አልከኝ። ገና ሕፃን ነበርክ። ጎህ ሲቀድ ተያይዘን አያታችን ጋ የጠፋነው በዚያች ቃል ነው። እስከ ዛሬ አንቱ ስባል ዓይኔ በር በሩን ያያል።

ኬቨን አድራሻህን ጠይቆኝ ሰጥቼዋለሁ። ቻይንኛ የሚችል ወንድም አለኝ ስለው በጣም ተደሰተ። ስላንተ ብዙ ጠየቀኝ፤ እንግሊዝኛህ እንዴት እንደሆነ፣ ሚስት ይኑርህ አይኑርህ፣ ከማን ጋር እንደምትኖር። ኮራሁብህ።

ማስተዋል


ዱከም
ግንቦት 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

እታለም፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። አዎ፣ መልቀቂያዬን አስገብቻለሁ። በስልክ ድምፅሽ እየተቆራረጠ አስቸገረኝ እንጂ «ሂድ» ያልሽው ግን ጥርት ብሎ ተሰምቶኛል። አላልኩም እንዳትዪ።

ለምን ይህን ሥራ እንደጠላሁት ጠይቀሽኝ ነበር። የሰው ቁጣ መተርጎም ሰለቸኝ። አለቃው አንዷን ሠራተኛ በቻይንኛ ይሰድባታል፤ እኔ አለሳልሼ እነግራታለሁ፤ ልጅቷ ስታለቅስ የምታየው ግን የእኔን አፍ ነው። ማታ በታክሲ ስንሳፈር ከጎኔ የሚቀመጥ የለም።

ካምቦዲያ ባሕር ዳር ያለው ሆቴል ግን ሌላ ነው። የደንበኞች አገልግሎት ነው፤ ቢሮ ቁጭ ብሎ መጻጻፍ ብቻ። ቻይንኛ፣ እንግሊዝኛና አማርኛ አንድ ላይ የሚችል ሰው ሲፈልጉ መቆየታቸውን ኬቨን ነገረኝ። አማርኛ ምን ይሠራላችኋል ብዬ ስጠይቅ «ሐበሻ የሌለበት አገር የለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቲኬቱን ለረቡዕ ሰኔ 19 እነሱ ቆርጠውልኛል። አዲስ ስልክ ስለምንሰጥህ የራስህን አታምጣ ስላሉኝ ሸጬዋለሁ። ዕቃዬን ለአከራዬ ለሙሉመቤት ትቼላታለሁ፤ እስከምሄድ በፋብሪካው ኮምፒውተር እጽፍልሻለሁ።

ስለ ኬቨን የታዘብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ቻይንኛው ከቀን ቀን ይለያያል። አንዳንዴ እንደ መምህር ይጽፋል፣ አንዳንዴ እንደ ሰፈር ጎረምሳ። ፊደል የሚስትበት ቀን አለ፣ የማይስትበት አለ። ሥራ ሲበዛበት ይሆናል።

ደርሼ ደመወዝ ስይዝ አንቺንና ሊናን ላያችሁ እመጣለሁ፤ ከሲንጋፖር ሰውሽ ጋርም እዚያው ትጋቢያለሽ። አሳማ አናርድም እንጂ ድግሱ ሙሉ ይሆናል።

ይድነቃቸው


ኖርዝ ሜልቦርን
ሰኔ 16 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድኔ፣

አትሂድ። ሰላምታውን በኋላ እጽፈዋለሁ፤ አሁን ይህን አንብብ።

መጋዘናችን ውስጥ ጂንግ የምትባል ሱፐርቫይዘር አለች፤ የቻይና ልጅ ናት፤ ከእኔ ጋር ከሥራ ውጭ አውርተን አናውቅም። ዓርብ ዕለት ምሳ ስንበላ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ በራ። ፊደሉን አይታ ሳቀች፤ «ጁጁ! ቦይፍሬንድ አለሽ እንዴ?» አለችኝ። እኔም እያፈርኩ አዎ አልኳት። «በአካል ተገናኝታችኋል?» አልተገናኘንም። «በስህተት ነው መጀመሪያ የጻፈልሽ?» አዎ። «ምሳ በላሽ እያለ በየቀኑ ይጠይቅሻል?» እንዴት አወቅሽ ስላት ሹካዋን አስቀመጠች።

«እኛ አገር ቻይና አዲስ ቋንቋ መጥቷል» አለችኝ። «በስልክ የሚያጠምዱት ሰው ለእነሱ ጁ ነው። ጣፋጩ ወሬ መኖው ነው። ሲወፍር ያርዱታል፤ የያዘውን ሁሉ ወስደው ይጠፋሉ። የሚጽፍልሽ ደግሞ አንድ ሰው አይደለም። አዳራሽ ሙሉ ልጆች ናቸው፣ በየተራ።»

ፊደል የሚስትበት ቀን አለ፣ የማይስትበት አለ ብለህ ጽፈህልኝ የለ? እሱ ትዝ አለኝ። ስሜ ማስተዋል ነው፤ ያስተዋልኩት ነገር ግን የለም። ለቤት መግዣ ያጠራቀምኩትን አንድ ድረ ገጽ ላይ አስገቢው፣ ይራባልሻል እያለ ሲወተውተኝ እያመነታሁ ነበር። እኔስ ተረፍኩ። ለጂንግ ስላንተ ነገርኳት። ካምቦዲያ ስላት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እነዚያ ልጆች ከየት የሚመጡ ይመስልሻል? እነሱም ሥራ ተብለው ነው የሚሄዱት። ሲደርሱ ፓስፖርታቸውን ይቀሟቸዋል» አለችኝ።

ያረዱት እኔን አይደለም፣ ይድኔ። እኔ መንገድ ነበርኩ። አድራሻህን አንስቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

አንተ የነገርከኝ ስህተት የለበትም፤ ጁ አሳማ ነው፣ የሚወዱትንም እንዲሁ ይጠሩበታል። ግን አንተው እንዳልከው ቃሉ እግር አለው፤ መጽሐፍህ ሳይሰማ ሌላ ቦታ ደርሷል። አሁን ደግሞ እናንተ ጋ ኢንተርኔት ከትናንት ጀምሮ በአገሩ ሁሉ ተቋርጧል ይላሉ። በሸጥከው ስልክ ስደውል «የደወሉላቸው ደንበኛ» እያለች ያቺ ሴትዮ ትመልስልኛለች። ይህ ደብዳቤ እንደማይደርስህ እያወቅሁ እጽፋለሁ፤ ምን ላድርግ? ረቡዕ አትሳፈር። ስለ እመብርሃን አትሳፈር።

ማስተዋል


ኖርዝ ሜልቦርን
ሰኔ 22 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድኔ፣

ያቺ የማማት የሺሀረግ ዘመዶቿን ሁሉ አስቸግራ የሙሉመቤትን ስልክ አገኘችልኝ። ሙሉመቤት ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ! ረቡዕ ተሳፈረ። ቻይናዎቹ ኤርፖርት ድረስ መኪና ላኩለት፤ እንዴት ያሉ ሰው አክባሪዎች ናቸው!» አለችኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁ። ምን ልበላት?

ጂንግ ፖሊስ ጣቢያ አብራኝ ሄዳለች፤ ያልነውን ሁሉ ጽፈው ያዙ። የት ከተማ፣ የት ሕንፃ እንዳለህ ጠየቁኝ። አላውቅም። ይህን ብቻ ባውቅ!

ለኬቨን መልስ መስጠት አቁሜያለሁ። እሱ ግን አላቆመም። ዛሬ ጠዋት «ጁጁ፣ ምን በደልኩሽ?» አለኝ። ስልኩን ከእጄ ጣልኩት፤ ሊና አነሳችው። «ማም፣ ዩ ኦኬ?» አለችኝ። አጎትሽ አዲስ ሥራ ይዟል አልኳት። «ኩል» አለች።

ይህን ስታገኝ አንድ ቃል ብቻ ጻፍልኝ። ስድብም ቢሆን ጻፍልኝ።

ማስተዋል


ካምቦዲያ
ሐምሌ 6 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለክብርት እህቴ ለእትዬ ማስተዋል፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ልጅዎ ሊና እንዴት ናት? ሳልጽፍልዎ በመቆየቴ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። እኔ እጅግ በጣም ደኅና ነኝ። ምግቡ ጥሩ ነው፤ ሥራው ቀላል ነው፤ ከመስኮቴ ባሕሩ ይታያል። አለቆቼ እንደ ወንድማቸው ያዩኛል።

ድርጅቱ አዲስ አድራሻ ሰጥቶኛል። የድሮውን ሳልከፍት ዘግቼዋለሁ፤ በዚያ የጻፉልኝ ካለ አንዱም አልደረሰኝም። ደብዳቤዎቻችንን ድርጅቱ በማሽን ወደ ቻይንኛ እየመለሰ ስለሚያነባቸው እንደ አስተዳደጋችን በጨዋ ደንብ እንድንጻጻፍ እለምንዎታለሁ። የጋሼ ወንድማገኘሁን ነፍስ ይማርና እሳቸው ቢያዩን ደስ ይላቸው ነበር።

ኬቨን ዝም ስላሉት አዝኗል። አማርኛ እየተማረ ነው፤ የማስተምረው እኔ ነኝ። ከእንግዲህ በአማርኛ ይጽፍልዎታል። እባክዎ ይመልሱለት። የመከረዎትንም ጉዳይ ያስቡበት፤ ጥሩ ጉዳይ ነው። ይህንንም እንድነግርዎ ታዝዣለሁ፤ እዚህ እያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ የራሱ ደንበኛ አለው። ደንበኛው የጠፋበት ሠራተኛ ወደ ጓሮው ሕንፃ ይዛወራል። እኔ ከመጣሁ ወዲህ ከዚያ ሕንፃ የተመለሰ አላየሁም። የእኔ ደንበኛ እርስዎ ነዎት።

ሜልቦርን አሁን ክረምቱ ነው አሉ። ይበርዳል፣ ልብስሽን ሳታወልቂ ተኚ።

አክባሪዎ
ወንድምዎ ይድነቃቸው


ኖርዝ ሜልቦርን
ሐምሌ 7 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለክቡር ወንድሜ ለአቶ ይድነቃቸው፣

ደብዳቤዎ ደርሶኝ እጅግ ተደስቻለሁ። እኛ ሁላችን ደኅና ነን፤ ሊናም ሰላም ትልዎታለች። ዝም በማለቴ እርስዎንም ኬቨንንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጉንፋን ይዞኝ ተኝቼ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለውም። በድሮው አድራሻዎ የጻፍኩትም የገበያ ወሬ ነው፤ ባይደርስዎ ምንም አይጎድልብዎትም።

የኬቨን የአማርኛ መልእክት ዛሬ ገባልኝ። «ምሳዎን በልተዋል?» ይላል። አንቱ እያለ የሚያፈቅር ወንድ ገጥሞኝ ስለማያውቅ ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ ቆየሁ። መምህሩ ጎበዝ ነው። በልታለች ይበሉልኝ። በደንብ እየበላሁ ነው፤ ሰሞኑን እንዲያውም ወፍሬያለሁ።

ስለ መከረኝ ጉዳይ ባንክ ሄጄ መጠየቅ ጀምሬያለሁ። እዚህ አገር ወረቀቱ ብዙ ነውና አለቆችዎ ይታገሡኝ። አንድ ሳምንት ፊርማ ይጎድላል፣ አንድ ሳምንት ቀጠሮ ይተላለፋል። እኔ ግን የትም አልሄድም፤ በየቀኑ እመልስለታለሁ። እንደ ድሮው በጁጁ ይጥራኝ፤ ትርጉሙን አሁን በደንብ ስላወቅሁት ቅር አይለኝም። አንድ ነገር ብለምንዎ፣ ከመስኮትዎ የሚታየውን ባሕር ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፤ ከጎን ያሉት ቤቶችም ይግቡበት። ሊና ማየት ትፈልጋለች።

እናንተ ጋ ሙቀት ነው ይባላል። ቢሆንም ይድኔ፣ እኔ እስካለሁ ደንበኛ አታጣም። ልብስህን ሳታወልቅ ተኛ።

አክባሪዎ
ጁጁ